ኑድል ቤት ውስጥ ቃል በቃል

ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባል የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ስሠራ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። አፌም ጆሮዬም የሺፍት ሱፐርቫይዘራችን ነበር። የአገሬ ልጅ ነው፤ «እህቴ» ይለኛል። ማናጀሩ የሚለውን ለእኔ፣ እኔ የምለውን ለማናጀሩ የሚያስተረጉመው እሱ ነው።

አንድ ቀን እሱ በፎርክሊፍት፣ በዕቃ ማንሻው መኪና፣ ያነሳው የጠርሙስ ቁልል ተንዶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። እኔ ርቄ ካርቶን እያሸግኩ ነበር። ሁለታችንም ቢሮ ተጠራን። ያየሁትን ተናገርኩ፤ እሱ ተረጎመ። በማግስቱ ደብዳቤ ሰጡኝ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ሥራ ቀዝቅዟል፣ ሰው እየቀነሱ ነው። ሳይን አድርጊው፣ ችግር የለውም።»

ፈረምኩ። እንዲያውም ደከመልኝ ብዬ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ቴምፕል ሰፈር፣ ቤቱ ድረስ ወሰድኩለት። ሚስቱ ፊት አመስግኖ ተቀበለኝ፤ ቆርሶም በላ።

ከዚያ በኋላ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ወደ ዌርሃውሱ ደውሎ ይጠይቅና ዝም ይለኛል። ምክንያቱን አላውቅም። ቤልትላይን ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፍኩ፣ ከሥራ ስወጣ እንግሊዝኛ እየተማርኩ ሁለት ዓመት አለፈ። በነዚያ ሁለት ዓመታት የረገምኩት ማናጀሩን ነበር።

እውነቱን የሰማሁት ቻይናታውን ውስጥ፣ ኑድልና የሩዝ አጥሚት በሚሸጥ የካንቶን ሰዎች ቤት ነው። ዌርሃውስ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት መንገድ ላይ አገኙኝና እጄን ይዘው አስገቡኝ። ቤቱ የወንድማቸው ነው፤ እሳቸውም ጡረታ ከወጡ ወዲህ እዚያ ያግዛሉ። ወንድምየው ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ጫፉ ግድግዳው ላይ የተያዘ ወፍራም ቀርከሃ ላይ ተቀምጦ፣ እየዘለለ ሊጡን በክብደቱ ይደቁሳል። ለእኔ አጥሚቱ ቀረበልኝ። ሩዙ ሟሙቶ ፍሬው አይታይም፤ ላዩ ላይ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል አለበት።

ገና ሁለተኛውን ማንኪያ ሳነሳ ሴትየዋ ዝግ ባለ እንግሊዝኛቸው ጠየቁኝ። «ያን ቀን ስልክ እያወራሁ ፎርክሊፍቱ ፊት ገባሁ ያልሽው ለምንድን ነው? እኔ ስልክ ይዘሽ አይቼሽ አላውቅም።»

የሠራተኛ ተወካይ ስለነበሩ ቢሮው ውስጥ ተቀምጠው ሰምተዋል።

«እኔ እንደዚያ አላልኩም» አልኳቸው።

«ያስተረጎመልሽ ሰውዬ ነው ያለው። ‹ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለች› አለ።»

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤውን ከመሳቢያ አወጣሁና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ አነበብኩት። ሥራ ቀዝቅዟል የሚል የለበትም። የእኔ ጥፋት፣ የእኔ ስልክ፣ ከታች የእኔ ፊርማ። ከሥራው ይልቅ ያ ድፎ ዳቦ አንገበገበኝ።

አልደወልኩለትም። ሦስት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ባገኘሁት ቁጥር ፈገግ እያልኩ ሰላም አልኩት። ከዚያ እድራችን አዲስ ለሚመጡ ሰዎች የሚያስተረጉም አንድ ሰው ሊመርጥ መሆኑን፣ የታሰበውም እሱ መሆኑን ሰማሁ። ለሊቀመንበሩ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ምሳ እኔ ልጋብዛችሁ፤ እርስዎንም እሱንም» አልኳቸው። እሱ ደስ ብሎት መጣ፤ የምመርቀው መስሎታል።

በዚያው በሴትየዋ ወንድም ቤት የበሬ ሥጋ ኑድል ቀረበላቸው። ጋሼ በቾፕስቲክ እንጨቶቹ ታግለው ሹካ ጠየቁ። ያን ጊዜ ሴትየዋን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ሲያያቸው ቾፕስቲኩ እጁ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኚህ ሴት አንድ ነገር ሊነግሩዎት ነው። እኔ አስተረጉማለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

ሴትየዋ የሰሙትን ተናገሩ። እኔ ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስኩት።

«ጋሼ፣ ሴትየዋ አርጅተዋል እኮ፣ ተምታቶባቸው ነው» አለ።

ይህንንም ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ መለስኩላቸው። ሴትየዋ ቀና ብለው አዩት። «ጆሮዬ አላረጀም» አሉ። እሱንም ተረጎምኩ።

ጋሼ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ብለሃል?»

«ጋሼ፣ ያኔ ሁለት ዋርኒንግ ነበረብኝ፤ ሦስተኛው ያስባርረኝ ነበር። ልጆች አሉኝ...»

«የጠየቅኩህ ብለሃል ወይ ነው።»

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ኑድሉን አልነካውም። ሴትየዋ ሳህኑን ወደ እኔ ገፉልኝ፤ ሳይለሰልስ ብዪው ብለው። በላሁት። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ምግብ አላስታውስም።

ጋሼም፣ «ልጄ፣ ቤቴ መጥተሽ ለብቻዬ ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር» አሉኝ።

«እችል ነበር፣ ጋሼ። እሱ ተቀምጦ እየሰማ እንዲሰሙት ፈልጌ ነው።»

አልተቆጡኝም፤ አላሞገሱኝምም። በሳምንቱ ደውለው ማስተርጎሙን እኔ እንድይዘው ጠየቁኝ፤ ያዝኩት። ወደ ዌርሃውሱም ሴትየዋ የሰሙትን ጽፈው ፈረሙልኝ፤ ከወር በኋላ ማናጀሩ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሱፐርቫይዘሩ ከቦታው ወረደ አሉ። አንድ ቀን ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቃ፣ «ስለ ልጆቹ ብለሽ ይቅር በይው» አለችኝ። እሷን አቅፌ ሳምኳት፤ እሷ ምንም አልበደለችኝም።

የንስሐ አባቴ ግን እስካሁን ይጠይቁኛል። «ይቅር አልሽው?» ይሉኛል።

«ገና ነኝ፣ አባ» እላቸዋለሁ። አልዋሽም፤ እየሞከርኩም አይደለም።