ከሦስት በታች ያለ ፀሐይ

ሜልበርን እንደገባሁ ያገኘኋቸው የአገሬ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር ሰጡኝ። "እዚህ አገር ፀሐይዋን ተጠንቀቂ፤ ሰማዩ ተቀዷል" ይሉኛል። አንዳንዱም ቀና ብሎ በጣቱ ያሳየኛል፤ ቀዳዳው ከጣሪያው በላይ የሚታይ ይመስል። እኔ የመጣሁት ስለ አየር ልማር ነበር። ኦዞን የሚባለው ንጣፍ ክፉኛ የሳሳው ከእኛ ርቆ፣ በደቡብ ዋልታ የበረዶ ምድር ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው ሲናገር ማቋረጥ አይሆንልኝም። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" እያልኩ ሰፊ ኮፍያ ገዛሁ። ምክሩም ክፉ አልነበረም፤ የዚያ አገር የበጋ ፀሐይ እውነትም ትለበልባለች።

ክፍል የተከራየሁት ሴንት አልባንስ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አሮጌ የጡብ ቤት ውስጥ ነው። አከራዬ ከብዙ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል የመጡ፣ አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ከፋብሪካ ሥራ ጡረታ የወጡ እናት ነበሩ። ሰዉ ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እትዬ አልኳቸው። እዚያ ቤት ዝምታዬ አያስጨንቀኝም ነበር። እትዬ ለሁለታችንም ይናገሩ ነበር።

ትምህርቴ የመኪናና የምድጃ ጭስ ሰው የሚኖርበትን ሰፈር አየር ምን እንደሚያደርገው ማጥናት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቤታችን ወስደን እንድንሞክረው ለተማሪዎች ትንሽ የአየር መለኪያ ሳጥን ተሰጠን። አየሩ ንጹሕ ሲሆን አረንጓዴ፣ ጭስ ወይም አቧራ ሲገባበት ቢጫ፣ ሲብስ ቀይ መብራት ያበራል። እትዬን አስፈቅጄ በጓሮው በረንዳ ላይ ሰቀልኩት።

ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። በየጠዋቱ፣ መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ሳይኖር፣ የማንም ምድጃ ሳይጨስ፣ መለኪያው ለጥቂት ደቂቃ ወደ ቀይ ይዘላል። ለአስተማሪዬ የማስረዳው ምክንያት አጣሁ። አንድ ቀን በኩሽናው መስኮት ሆኜ ስጠብቅ እትዬ ጨርቅ ይዘው ብቅ አሉ። የበረንዳውን ወንበሮች ጠረጉ፣ ጨርቁን አራገፉ፣ ከዚያ ሳጥኑን እንደ ቴሌቪዥን ከላይ እስከ ታች ወለወሉት። መብራቱ ወዲያው ቀላ።

"ሲነኩት ያፍራል" አሉኝ ሳያቸው አይተውኝ። "ቁርጥ አንቺን።"

ሳቄ ሲያበቃ የሳጥኑን ነገር አስረዳኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልነኩትም። ይልቁንም እንደ እንግዳ ይጠይቁት ጀመር። ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ "ሳጥንሽ ደህና አድሯል፤ አረንጓዴ ነው" ብለው ይነግሩኛል።

የእትዬ ልጅ ታርኔት ከሚባለው አዲስ ሰፈር ከባሏ ጋር ትኖራለች፤ ሥራዋ አረጋውያን መንከባከብ ነው። በዚያ ዓመት በክረምቱ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ጥር ላይ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑን እትዬ እንዲይዙት ተስማሙ። እትዬ ያን ጊዜ የሆኑትን ደስታ አልረሳውም። በማለዳ መኪናዋ በር ላይ ስትቆም እሳቸው ነጠላቸውን ደርበው ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ልጅቷን ሰላም ሳይሉ ሕፃኑን ይቀበሏታል። "አሁንማ የምነሣለት ሰው አገኘሁ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ኩሽና ተቀምጬ ሳነብ እትዬ ሕፃኑን አጥበው፣ እግሩን ቅባት ቀብተው አሽተው፣ ጓሮ ወንበር ላይ በጭናቸው አስተኝተውታል። ፊቱን በነጠላቸው ጥላ ሸፍነው እግሩንና ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥተዋል። አገር ቤት አራስ ያለበት ቤት ሁሉ እንደሚያደርገው ነው። በዚህ መሐል ሺፍቷ የተቀየረባት ልጃቸው ሳትጠበቅ መጣች።

"እማዬ! ምን እያደረግሽው ነው?"

"ፀሐይ እያሞቅሁት ነዋ። ምን አደረግሁት?"

"በዚህ ፀሐይ? ይኸው እይ፣ ዩቪው ስድስት ገብቷል!" የጨረሩን መጠን የሚያሳየውን ስልኳን ዘረጋችላቸው።

"እኔ ስልክ አላይም፤ ልጅ ነው የማየው። አንቺንስ እንዲሁ እያሞቅሁ አይደል ያሳደግሁሽ? እግርሽ ተጣመመ?"

"ያ ሌላ ሰማይ ነው።"

"ሰማይ ደግሞ ስንት ነው?"

"እዚህ ኦዞኑ ተቀዷል፣ እማዬ! ነርሷ ስትናገር አብረሽኝ አልነበርሽም? የሕፃን ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል አላለችም?"

"ነርሷ ስንት ወልዳለች?"

ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞረች። "አንቺ የአየር ተማሪ አይደለሽ? ንገሪያት እስቲ!"

"አዎ፣ ንገሪያት!" አሉ እትዬም፤ እሳቸውን እንደምደግፍ እርግጠኛ ሆነው።

ብድግ አልኩ። የምናገረው ነገር ነበረኝ፤ ግን ሁለቱ ዓይናቸውን ሲተክሉብኝ አንደበቴ ተሳሰረ። "እኔ እንኳ... ሁለታችሁም..." ብዬ ቀረሁ። ልጅቷ ሕፃኑን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ አነሣችው። በሩ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

"እንደዚህ ከሆነ ቻይልድኬር ቡክ አደርጋለሁ፣ እማዬ። በሚቀጥለው ወር ቦታ አለን ብለውኛል።"

እትዬ የቅባቱን ብልቃጥ ክዳን እየከፈቱ ይዘጋሉ።

የሕፃናት ማቆያው ቦታ እስኪደርስ ሕፃኑ መምጣቱን ቀጠለ። እትዬ ግን የጓሮውን በር መክፈት ተዉ። ሳሎን በትልቁ መስኮት ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ በመስታወቱ በምትገባው ፀሐይ ሕፃኑን ያሞቁት ጀመር። "ይኸው" አሉኝ፤ "ፀሐይዋ ገባች፣ ኦዞኗም ውጭ ቀረች። አሁን ማን ምን ይለኛል?"

መስታወት ሙቀቱን ያስገባል እንጂ ለአጥንት የሚጠቅመውን ጨረር አያሳልፍም። ሕፃኑ ሞቆታል፤ እትዬ የፈለጉለትን ነገር ግን አላገኘም። ይህን ሳልነግራቸው ማለፍ አልቻልኩም። ከሰዓት በኋላ ሕፃኑ ተኝቶ አብረን ምስር ስንለቅም ጀመርኩ፤ ከአንድ ሰው ጋር፣ እጄ ሥራ ይዞ ሲሆን መናገር ይቀለኛል።

ከደመናው በላይ እንደ ነጠላ የሳሳ የኦዞን ንጣፍ እንዳለ፣ የፀሐይዋን ክፉ ጨረር እሱ እንደሚያጣራልን ነገርኳቸው። ከድሮ ማቀዝቀዣዎችና ከሚረጩ ቆርቆሮዎች የወጣ ጋዝ እንዳሳሳው፣ ቀዳዳ የሚሉትም በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ በዋልታው ሰማይ እንደሚከፈት፣ በጋው ሲገባም ከዚያ የሳሳ አየር አልፎ አልፎ ወደ እኛ እንደሚመጣ አስረዳሁ።

"ታዲያ ማን ይሰፋዋል?" አሉ ጠጠር እየጣሉ።

"ማንም አይሰፋውም፣ እትዬ። አገሮች ተሰብስበው ያን ጋዝ መልቀቅ እንተው ብለው ተስማሙ። ሲተዉት ጊዜ ሰማዩ ራሱ እየጠገገ ነው። ቀስ እያለ ነው፤ ገና ብዙ ዓመት ይፈልጋል።"

"ሁሉም አገር ተስማማ?"

"አዎ።"

ምስሩን በሰፌዱ ላይ አንዴ አገላበጡት። "እኔ ከአንዲት ልጄ ጋር መስማማት አቃተኝ።"

ስለ መስታወቱም ነገርኳቸው። ሰሙኝና ምንጣፉን ከመስኮቱ ሥር አነሡት። ለልጄ ንገሪልኝ አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ልጅቷ ሕፃኑን አድርሳ ስትመለስ እስከ ባቡር ጣቢያ ላድርስሽ አለችኝ። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ስደግመው አድሬ ነበር። ጣቢያው ስንደርስ ከመኪናው ሳልወርድ "አንድ ነገር ልበልሽ?" አልኳት።

"በይ።"

"ያን ቀን አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ረፋድ ላይ ለሕፃን አይሆንም። እትዬም ግን ጨርሶ አልተሳሳቱም። አደጋ አለው የሚባለው ዩቪው ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። አሁን ስንት ነው?"

ስልኳን አየች። "ዜሮ ይላል።" ከዚያ ፊት ለፊታችን ያለውን ፀሐይ የመታውን ግድግዳ አየች። "ፀሐይ ወጥቷል እኮ።"

"ማልደው ቢያወጡት፣ ለትንሽ ጊዜ፣ ምንም አይደለም። ግን እኔን ብቻ አትመኚ፤ ነርሷን ጠይቂያት።"

ትንሽ አፍጥጣ አየችኝ። "እንዲህ ስትናገሪ ሰምቼሽ አላውቅም። ባቡርሽ እንዳያመልጥሽ፣ ሂጂ በይ።"

ነርሷን ጠየቀቻት። ነርሷም ከሦስት በታች ሲሆን ለአጭር ጊዜ ክፋት የለውም አለች፤ እንደኛ ጠቆር ላለ ሕፃን ፀሐይ ብቻዋን ላትበቃ ትችላለች ብላም የቫይታሚን ጠብታ ጨመረችለት። ልጅቷ ግን ቻይልድኬሩን አልሰረዘችም። እሁድ ዕረፍቷ ነው፤ መጥታ በዓይኗ ልታይ ፈለገች።

እሁድ ሳይረፍድ ሕፃኑን ይዛ ደረሰች። "አንድ ነው!" አለች ስልኳን ወደ ላይ እያነሣች፤ ድምፅዋ ውስጥ እርቅ ነበረበት። "በይ እማዬ፣ አሙቂው።"

እትዬ ሕፃኑን ታቅፈው የጓሮውን በር ከፈቱ። አንድ እግራቸውን አውጥተው ቆሙ። ርቆ ያለ ጫካ ሲነድ ሰንብቶ ነበር፤ ሌሊቱን ነፋሱ ዞሮ ኖሮ ፀሐይዋ በቀጭን ጭጋግ ውስጥ እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆናለች። እትዬ ወደ ሳጥኑ ቀና አሉ። እግራቸውን መልሰው አስገብተው በሩን ዘጉት።

"ዛሬ አይወጣም።"

"እማዬ! አንድ ነው እኮ የሚለው! አሙቂው አልኩሽ እኮ!"

"ያንቺ ስልክ ጭስ አይሸተው ይሆናል። ሳጥኑ ቀልቷል።"

"ወልውለሽው ይሆናላ" አለች፤ ታሪኩን ሰምታለች።

"ከተነገረኝ ወዲህ ነክቼው አላውቅም!" እትዬ እርጥብ ፎጣ ጠቅልለው በበሩ ሥር ደፈኑት። ሕፃኑን ለእኔ ሰጡኝና መስኮቶቹን እየዞሩ ዘጉ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። በዚህ ጊዜ አንደበቴ አልተሳሰረም። "ልክ ናቸው" አልኩ። "ጨረሩ ትንሽ ነው፤ ጭሱ ግን ሳንባ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። ለሕፃን አይሆንም። ላንቺም አይሆንም።" ከልጅነቷ ጀምሮ አስም እንዳለባት አውቃለሁ፤ ከመኪናው እስከ ቤት ብቻ ተራምዳ ታስል ነበር። እትዬ ይህን ስል ቦርሳዋን ከፍተው የአስም መድኃኒቷን አውጥተው በእጇ አስጨበጧት።

መድኃኒቷን ስባ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

"እኔ ብሆን አወጣው ነበር" አለች በመጨረሻ።

እትዬ የመጋረጃውን ጫፍ እያስተካከሉ ነበር።

"ነገ ቻይልድኬሩን ካንስል አደርጋለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"ሰምተሻል።"

"አልሰማሁም፤ ድገሚልኝ።"

"ካንስል አደርጋለሁ አልኩ፣ እማዬ!"

"ይኸውልሽ" አሉኝ እትዬ ሕፃኑን ከእቅፌ እየተቀበሉ፤ "ስትፈልግ ጥሩ ድምፅ አላት።"

ጭሱ ከባሕሩ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመጣ ለቀቀ። ሳጥኑ አረንጓዴ ባበራበት ማለዳ እትዬ ሕፃኑን ጓሮ አወጡት፤ ልጃቸው ሥራዋን ትንሽ አርፍዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ከሦስት በታች ትሆናለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን የጎረቤቶቻችን የእንጨት ምድጃ ጭስ በቀዝቃዛው አየር ተይዞ ሰፈሩ ላይ ይተኛል፣ ሳጥኑም ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ሕፃኑ የሚሞቀው በቀትር ሆነ። "በቀትር ልጅ ሳሞቅ እናቴ ብታየኝ ምን ትለኝ ነበር" እያሉ እትዬ ይስቃሉ፤ እሳቸውም ጉልበታቸውን ገልጠው አብረው ይሞቃሉ።

ትምህርቴን ስጨርስ ወደ ሥራዬ ለመቅረብ ፊትዝሮይ ሰፈር ተከራየሁ። ሳጥኑን ለትምህርት ክፍሉ መለስኩ፤ ለእትዬ ግን መብራት የሚያበራ ሌላ ትንሽ መለኪያ ገዝቼ በዚያው ቦታ ሰቀልኩላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ያ ሕፃን አሁን በጓሮው ውስጥ ይሮጣል፤ በአማርኛ ሲጠሩት በእንግሊዝኛ ይመልሳል።

መስከረም በመጣ ቁጥር እትዬ ገና በረንዳው ላይ ሳልቀመጥ ስለ ታማሚ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው ይጠይቁኛል። "ቀዳዳውስ? ዘንድሮ እንዴት ነው?"

እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አንዳንድ ዓመት ሰፋ ይላል፣ አንዳንድ ዓመት ይጠባል፤ በጠቅላላው ግን እየተሻለው ነው።

"ተመስገን፣ ይበርታ" ይላሉ። ከዚያ ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው፣ ከዓይናቸው አርቀው ያዩና ወደ ጓሮው ይጣራሉ፦

"አንተ! ሦስት ሆኗል! ኮፍያህን!"