የሰሊጥና የማሽላ አቶም

ጎንደር ውስጥ በዘይት መጭመቂያ ቤት በር ባለፍኩ ቁጥር የሰሊጡ ሽታ ይይዘኝና፣ ሳላስበው ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ግቢያችን ውስጥ ከነበረው ዳስ ሥር፣ የአባዬ ትሪ ፊት እቀመጣለሁ። ሰዎች ደስ የሚል ሽታ ነው ይላሉ። እኔን ግን ያሳፍረኛል።

አባዬ በአገሩ የሳይንስ መምህር ነበር። ድንበሩን ሲሻገር ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የሳይንስ መጽሐፍና የመምህርነት ስሙን ብቻ ይዞ መጣ። ገዳሪፍ ላይ ያገኘው ሥራ ሰሊጥ ገበያ ውስጥ ጆንያ መስፋት ነበር፤ ያም ሆኖ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ «ኡስታዝ» እያሉ ይጠሩት ስለነበር፣ መምህር መባሉን በሰማ ቁጥር አንገቱ ቀና ይል ነበር።

በአጨዳ ወራት፣ ከተማው ከመተማ በኩል በሚመጡ የቀን ሠራተኞች ሲጨናነቅ፣ አባዬ ከገበያ ተመልሶ እጁን ይታጠብና እኔንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ ያስተምረን ነበር። መጀመሪያ አንዲት የማሽላ ፍሬ ትሪው ላይ አስቀምጦ፣ የድሮ ሊቃውንት አቶም እንዲህ ድፍን፣ የማይከፈል ነገር ይመስላቸው እንደነበር ይነግረናል። ቀጥሎ ድብልብል ሊጥ ላይ ሰሊጥ ይነሰንስና፣ በኋላ የመጡት ደግሞ ኤሌክትሮኖች እንዲህ ተሰክተዋል ብለው ነበር ይለናል። ከዚያ ሊጡን አንስቶ፣ ማሽላዋን መሃል አድርጎ፣ ሰሊጡን ዙሪያዋን በክብ በክብ እየደረደረ፣ «እውነቱ ይሄ ነው። አስኳሉ መሃል ይቀመጣል፣ ኤሌክትሮኖቹ በየመንገዳቸው ይዞራሉ» ይለን ነበር። መጽሐፉ የሚያበቃው እዚያ ላይ ነበር።

ብርዱ ሲገባ፣ የትምህርት ቤት አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ በነጠብጣብ የተሞላ ደመና ሣለችና፣ ኤሌክትሮን የታወቀ መንገድ የለውም፣ የት ሊገኝ እንደሚችል መገመት ብቻ ነው የምንችለው አለች። እኔም እጄን አውጥቼ፣ በመንገዱ እንደሚዞር አባቴ እንዳስተማረኝ፣ አባቴም መምህር እንደሆነ ተናገርኩ። እሷ በደግነት ያ የቆየ ነው አለችኝ። ክፍሉ ግን ሳቀ፤ ከኋላዬ አንዷ ጆንያ ሰፊው ኡስታዝ ስትል ሰማኋት።

ቤት ስደርስ አባዬ ትሪውን ይዞ፣ ልጆቹ ከበውት ተቀምጠው ነበር።

«አባዬ፣ የምታስተምረን ውሸት ነው» አልኩት።

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በዐረብኛ የተጻፈውን የትምህርት ቤት መጽሐፌን ተቀብሎ የደመናውን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አየው፤ ዐረብኛ መናገር እንጂ ማንበብ አይችልም ነበርና መልሶ ዘረጋልኝ።

«እስኪ አስረጂኝ፣ ልጄ።»

ነገ ለማለት፣ እንደ ከተማው ልጆች «ቡክራ» አልኩትና ፊቴን አዞርኩ።

ሙቀቱና አቧራው ሲበረታ ልጆቹ አንድ በአንድ ቀሩ፤ ትሪው ማድ ቤት ገባ። ገበያ ላይም ኡስታዝ ሲሉት በስሜ ጥሩኝ ይል ጀመር። አልፎ አልፎ መጽሐፌን አንስቶ፣ ዛሬስ ይመችሽ እንደሆን ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። ቡክራ እለው ነበር። በፈተና አሳብብ ነበር እንጂ፣ ከእኔ ለመማር አጠገቤ ሲቀመጥ ማየቱ ነበር የከበደኝ።

ፈተናው ላይ የመጣው ጥያቄ ደግሞ ስለ አቶም ያለው አስተሳሰብ ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለወጠ አስረዱ የሚል ሆነ። ድፍኑን፣ ሊጡን፣ ክቡን፣ አንድ በአንድ እንደ ትሪው አድርጌ ጻፍኩ፤ ከትምህርት ቤት ያገኘሁት የመጨረሻውን ደመና ብቻ ነበር። ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ለአባዬ ማለፌን እንጂ ጥያቄውን አልነገርኩትም።

ክረምቱ ገብቶ ጥቁሩ ጭቃ መንገዱን በዘጋው ሰሞን አባዬን ወባ ጣለው። በሦስተኛው ቀን መጽሐፌን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ ደመናውን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ በአማርኛ አስረዳው ጀመር። ትኩሳቱ ስለጸናበት አይሰማኝም ነበር። ገጹን እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። በማግስቱ ሞተ።

ዛሬ እኔም የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ አቶምን የማስተምረው በማሽላና በሰሊጥ ጀምሬ ነው። አንዳንዴ አንዷ ተማሪ ከስልኳ ያነበበችውን ይዛ፣ ያልኩት ነገር መለወጡን ትነግረኛለች። ያኔ ጠመኔውን እሰጣትና፣ አሁኑኑ አስረጂኝ ብዬ በእሷ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። እሷ ብትተወኝ ሌላዋ ታስረዳኛለች። አባዬ ግን ከእኔ በቀር ማንም አልነበረውም።