አባቴ አራት ቦታ የቆመበት ኮረብታ

መጋቢት ሃያ ሦስት ቀን ነበር። ወይም ሃያ ስምንት። ፎቶ አንሺው ያነሳውን ሁሉ ከጀርባው በእርሳስ ቀን ይጽፍበት ነበር፤ አባቴ ባለበት በዚህኛው ጀርባ ግን የሚነበበው «መጋቢት 2» ብቻ ነው። ከ«2» ቀጥሎ ሌላ አሃዝ ከነበረ ሙጫ በልቶታል። ካልነበረ ደግሞ መጋቢት ሁለት ነው ማለት ነው። እናቴ ቀኑን ባታውቅም ረቡዕ እንደነበር ትምል ነበር፤ አባቴ ሰማያዊውን ሹራብ የሚለብሰው ግራጫው በሚታጠብበት በረቡዕ ነውና። ችግሩ ፎቶው ላይ ያለው ሹራብ ለእኔ ግራጫ ነው የሚመስለኝ።

በዚያን ቀን፣ የቱም ቀን ይሁን፣ እኔ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለፈተና አነብ ነበር። አባቴ በሕይወት ነበር። ጋሽ ዘወር ደግሞ ከኮረብታው ፊት ለፊት ካሜራውን ተክሎ ቆሞ ነበር።

«ጋሽ ዘወር» ያሉት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ሜዳ ላይ በቆመ ቁጥር «ዘወር በሉ! ዘወር በሉ እንጂ፣ ተራራውን እኮ ጋረዳችሁት!» እያለ ስለሚጮህ ነው። እውነተኛ ስሙን የምታውቀው ልጁ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። የሚበላው ከጉርድ ፎቶግራፍ ነበር። ፎቶ ቤቱ ከጫማ ጠጋኙ ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በርጩማ፣ ሰማያዊ መጋረጃ፣ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ አንድ ጥቁር ኮት። በሰፈራችን ያለ ወንድ ሁሉ መታወቂያው ላይ ያንኑ ኮት ለብሷል። ለቀጭኑ ከጀርባው በመቆንጠጫ ይያዛል፣ ለወፍራሙ ሳይቆለፍ ይቀራል።

ልቡ ግን ያለው ረጃጅሞቹ ፎቶዎች ላይ ነበር። የዚያን ጊዜ ካሜራ ሰፊ አገር ባንዴ ማየት አይችልም። ስለዚህ ጋሽ ዘወር ካሜራውን በቁመቱ አቁሞ፣ ከአንድ ጎን ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እያዞረ ስድስትም ሰባትም ጊዜ ያነሳል። ፊልሙን ካጠበና ፎቶዎቹን ካተመ በኋላ ጠርዛቸውን በምላጭ እየከረከመ አንድ ካርቶን ላይ ይገጣጥማቸዋል። እሱ «መስፋት» ነበር የሚለው። ሰፍቶ ሲጨርስ ከበሩ እስከ መስኮቱ የሚደርስ ሸለቆ ይሆናል።

ለእረፍት ስመጣ በርጩማው ላይ ተቀምጬ አየው ነበር፤ እሱም እየሠራ ያስተምረኛል። «የእኔ ምሁር፣ ይህን እዚያ አያስተምሩሽም» ይለኛል። «የእያንዳንዱ ሲሶ በሚቀጥለው ላይ ይደረባል። ብርሃኑን አንዴ ትለኪያለሽ፣ ከዚያ እጅሽን ትሰበስቢያለሽ። ጥላው ሳይንቀሳቀስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ነው። ስፌቱን ደግሞ በዛፍ ግንድ ወይም በምሰሶ አውርጂው። ዓይን እዚያ ላይ አይጠረጥርም።»

ካሜራው እንዳያጋድል የሚያስተካክልበት ውሃ ልክ ከጎረቤቱ ከግንበኛው የተዋሰው ነበር። ተውሶ ቀረ። ግንበኛው በሩ ላይ ባለፈ ቁጥር አንገቱን ወደ ውስጥ ያስገባል።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ልኬን!»

«ነገ።»

«የሠራሁት ቤት ሁሉ የተጣመመው እኮ በአንተ ነው!»

«ከዚያ በፊት የሠራኸውስ?»

ግንበኛው እየሳቀ ይሄዳል።

ከሁሉ የጸና ሕጉ ግን አንድ ሰው በአንድ ፎቶ ላይ ሁለት ጊዜ አይታይም የሚለው ነበር። ካሜራው ሲዞር የሚራመድ ሰው ካለ፣ ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው አብሮ ይሻገራል፤ ሲሰፋ ያ ሰው ሁለት ይሆናል። አንዴ የፋብሪካ ሠራተኞችን በሰልፍ ሲያነሳ አንድ ሾፌር ከግራ ጫፍ ተነስቶ በጀርባ በኩል ሮጦ ቀኝ ጫፍ ላይ ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ዘወር ግን ሁሉንም እንደገና አሰልፎ ከመጀመሪያው ጀመረ። «ሰው አንድ ነው» አለኝ ይህን ሲነግረኝ። «መንገደኛ ካለ ከእሱ በተቃራኒ ዙሪ። እሱ ወደ ቀኝ ከሄደ አንቺ ወደ ግራ። አንዴ ትገናኛላችሁ፣ ከዚያ ትለያያላችሁ።»

አባቴ ኮረብታው አናት ላይ ያለው የከተማው ውሃ ታንከር ጠባቂ ነበር። በየማለዳው የምሳ ዕቃውን ይዞ፣ ከአጥር ጎን ለጎን በሚሄደው መንገድ ይወጣል፤ ሲመሽ ይወርዳል። ፎቶ አይወድም። ካሜራ ሲያይ ጫማውን ለማሰር ያጎነብሳል። ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ እኔ ፈተናዬን ጨርሼ በገባሁ በአራተኛው ቀን ሞተ። ሳንባው ነበር። መታመሙን እናቴ እንኳ በወጉ የሰማችው በመጨረሻው ወር ነው።

ከእሱ የቀረን ፎቶ መታወቂያው ላይ ያለው ጉርድ ብቻ ነበር፤ ያ ጥቁር ኮት፣ ጉንጩ ላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ማህተም። እናቴ ወስዳ ለጋሽ ዘወር ሰጠችው።

«ይህን አሳድግልኝ፣ ወንድሜ።»

«ማህተሙም አብሮ ያድጋል፣ እትዬ።»

«ይደግ።»

አደገ። ማህተሙ የአባቴን ግማሽ አፍ ሸፈነው። እናቴ ሳሎን ሰቅላ አንድ ሳምንት አየችውና አወረደችው። «ይህ እኮ መታወቂያው ነው፤ ሰውዬው አይደለም» አለችኝ። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ትናንት አረማመዱን ላስታውስ ብዬ አቃተኝ። ሠላሳ ዓመት በዚህ በር ሲወጣ ያየሁትን ሰውዬ! በቀኙ ነበር በግራው የሚጀምረው? ጠፋኝ።» ሙታችንን ከቀበርን ወዲህ ሳታለቅስ የተናገረችው ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ እኔንም ከለቅሶዋ ሁሉ ይበልጥ ያስፈራኝ ይኸው ነው።

ፎቶ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ አባቴ ያለበት ሌላ ምንም የለህም?»

ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ መወልወል ጀመረ፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው የሚያባርርበትን ነገር። ቆይቶ «ለማዘጋጃ ቤቱ ኮረብታውን ያነሳሁ ጊዜ አልፎበት ነበር መሰለኝ» አለ። «ትርፍራፊው የሆነ ቦታ አለ። ነገ እናትሽን ይዘሻት ነይ።»

በማግስቱ ስንደርስ ሰባቱን ቁራጮች ገበታው ላይ ደርድሯቸዋል። ጣሪያው አፍስሶ ኔጋቲቩ እርስ በርሱ እንደተጣበቀ፣ የቀረው ይህ አንድ እትም ብቻ እንደሆነ ነገረን። «ምላጩ ከሳተ ሳተ ነው፤ ሌላ የለም» አለ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች።

አባቴ በአራቱ ቁራጮች ላይ ነበር። ከአጥሩ ግርጌ፣ የምሳ ዕቃው በእጁ፣ ግራ እግሩ ወደፊት። ቀጥሎ አጎንብሶ፣ መዳፉ ጉልበቱ ላይ። ቀጥሎ አንዱን ምሰሶ ይዞ ቆሞ፣ ፊቱ ወደ እኛ። በመጨረሻ ታንከሩ ስር፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሊገባ ሲል።

«በግራው ነው!» አለች እናቴ። «በግራው ነው የሚጀምረው!»

ጋሽ ዘወር ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ አንዱን ምረጪ። ሌሎቹን ስፌቱ ውስጥ እደብቃቸዋለሁ።»

እናቴ ጣቷን የመጀመሪያው ላይ አደረገች፤ ወደ ሦስተኛው ወሰደችው፤ ሁለተኛው ላይ መለሰችው። «እዚህ ጋ አርፏል» አለች። «እኔን ‹ዳገቱ ምንም አይለኝም፣ እንደ ሜዳ ነው› ይለኝ ነበር። ዋሾ!» አለችና ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቋ ነበር። እየሳቀች እንባዋ ፎቶው ላይ ሊወድቅ ሲል ጋሽ ዘወር ገበታውን ሳብ አደረገ።

«የትኛውን ልተው? የትኛውን ልደብቀው? አንተው ንገረኝ» አለችው።

ጋሽ ዘወር ምላጩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ሕግ ነበር። በኋላ እጅጌውን ሰበሰበ። «አንዱንም አንደብቀውም» አለ።

ቀላል አልነበረም። ስፌቶቹ ሁሉ አባቴን ሳይነኩ ማለፍ ነበረባቸው፤ እሱ ደግሞ ምሰሶውን፣ ስፌት የሚወርድበትን ያንኑ ምሰሶ፣ በእጁ ይዞታል። እዚያ ቢቆረጥ ጣቶቹ ይቀራሉ። ጋሽ ዘወር ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ስፌቱን ባዶ ሣር ላይ አወረደው፣ ዓይን በሚጠረጥርበት ቦታ። ምላጩ ካርቶኑ ላይ ሲንሸራተት የተሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። እናቴ የእኔን እጅ ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ምልክት ትቶብኛል። ጣቶቹ ተረፉ።

ቁራጮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግራው ከቀኙ ጠቆር ያለ ነበር። «ብርሃኑ ተለያየብኝ» አለ ሙጫውን እየቀባ። «ደመና ነበር።»

እናቴ ያንን ኮረብታ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከአልጋዋ ትይዩ ሰቅላ ኖረች። ማለዳ የመጀመሪያውን አባቴን፣ ሲመሽ የመጨረሻውን ታያለች። ለእንግዳ ስታሳይ «እዚህ ጋ ነው የዋሸኝ» ትላለች። ጋሽ ዘወርን በመንገድ ባገኘችው ቁጥር ትመርቀዋለች፤ እሱም «ትርፍራፊ እኮ ነው፣ እትዬ» ብሎ ይሸሻል።

ባለፈው ዓመት እናቴ አረፈች። ፎቶው ለእኔ ደረሰኝ፤ ላወርደው ስል ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ቀርቤ አየሁት። ሰማዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ደመና የለም። የአጥሩ ምሰሶዎች ሁሉም እኩል ናቸው፤ ጥላቸው ግን እኩል አይደለም። አባቴ መውጣት በጀመረበት ቁራጭ ላይ የምሰሶው ጥላ መንገዱን አቋርጦ ሣሩ ውስጥ ይገባል። ታንከሩ ጋ በደረሰበት ቁራጭ ላይ ግን መንገዱን እንኳ አይሻገርም። ፀሐይ ይህን ያህል እንድትወጣ አንድ ሰዓት ያህል ያስፈልጋታል። ጤነኛ ሰው በሃያ ደቂቃ የሚወጣውን ዳገት አባቴ በአንድ ሰዓት ነው የወጣው ማለት ነው። ጋሽ ዘወርም በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ሥራ አንድ ሰዓት ቆሞ ሠርቶታል።

በሳምንቱ የቤቱን ወረቀት ለማዛወር ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ወረፋ ስጠብቅ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ትልቁን ኮረብታ አየሁት። በዚያኛው ላይ ሰማዩ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ደመና አለበት። የምሰሶዎቹ ጥላ ሁሉም አንድ ቁመት ነው። ሣሩም ለምለም ነው፤ የእኛው ደርቋል። ሌላ ወር፣ ሌላ ቀን ነው። ትርፍራፊ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋሽ ዘወር ለአባቴ ብቻ ብሎ አንድ ማለዳ ወጥቷል፤ ከመንገደኛው በተቃራኒ ዙሪ ያለኝ ሰውዬ ራሱ ከመንገደኛው ጋር ዞሯል፤ አባቴ ባረፈ ቁጥር አርፎ ጠብቆታል።

ወረፋዬን ትቼ ወጣሁ። የአባቴን መታመም ከእኛ በፊት ማን ነገረው? ወይስ በየቀኑ በፎቶ ቤቱ በር ሲያልፍ አረማመዱን አይቶ ነው? አባቴስ፣ ካሜራ ሲያይ የሚያጎነብሰው፣ ሦስተኛው ቁራጭ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ያየው አውቆ ነው?

ፎቶ ቤቱ ተዘግቶ ነበር። ጫማ ጠጋኙ «ልጁ ጋ ሊኖር እየሄደ ነው፤ አውቶቡስ ተራ ሩጪ፣ ምናልባት ትደርሺበታለሽ» አለኝ። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጫማ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል። ጋሽ ዘወር መስኮት ዳር፣ የካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀምጧል።

«ጋሼ! አንድ ነገር ልጠይቅህ…»

«እንኳን መጣሽልኝ፣ የእኔ ምሁር!» አለና በመስኮቱ አንድ ነገር አቀበለኝ። ውሃ ልኩ ነበር። «ለግንበኛው ስጪልኝ። ከእንግዲህ ሰበብ የለውም በይው!»

«እሺ፣ ግን ጋሼ፣ ያን ቀን አባቴን…»

ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሞተሩ ጮኸ። ጋሽ ዘወር እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ራሱን ነቀነቀ፣ አልሰማሁሽም እንደማለት። ከዚያ ጎማውን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ዘወር በይ!» ብሎ ጮኸ። «ዘወር በይ እንጂ፣ እግርሽን!»

ዘወር አልኩ። አውቶቡሱ አለፈኝ፤ በመስኮቱ አንገቱን እያዞረ ሲያየኝ ቆየ፤ ከዚያ ማደያው ጋ ታጠፈ።