ከንቲባው መጨረሻ ይውሰዱ
በትራንስፖርት ቢሮው ውስጥ ሩጫ ይሏታል። ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወጣለች፣ ሻይዋን ቆማ ትጠጣለች፣ ስልክ ስታነሳ «ሄሎ» ሳትል መልሱን ትጀምራለች። ሥራዋ የአካባቢውን የመንገድና የአውቶቡስ ፕሮጀክቶች ማቀድ ነው። ማቀዱስ ባልከፋ፤ አሳሯን ያበላት ከተማውንና ሁለቱን አጎራባች ወረዳዎች ማስማማቱ ነበር።

የመንግሥት የመንገድ ፈንድ ገንዘብ የሚለቀው ሦስቱም በአንድ ዕቅድ ላይ ሲፈርሙ ብቻ ነው። ከተማው መናኸሪያ ይፈልጋል፣ ወንዝ ማዶ ያሉት ድልድይ፣ ኮረብታ ላይ ያሉት ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጭቃ የማይሆን መንገድ። ሁሉም «የኔ ይቅደም» ሲል ገንዘቡ ካቻምናም ዓምናም ሳይነካ ተመለሰ። ዘንድሮም ሲጓተት ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ደረሰና ተወካዮቹ የተሰበሰቡት በዚያው ዕለት ነው። ይባስ ብሎ የከተማው ከንቲባ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነው።

ከስብሰባው በፊት ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ዛሬ በናትህ እንዳታደርቀኝ።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ዓምና በሩን ወርውሮ ዘግቶ የወጣው ማነው ታዲያ?»

«እህቴ ሆነሽ አንቺ ካላዳላሽልኝ ማን ሊያዳላልኝ ነው?»

«እዚህ ቤት እህትህ አይደለሁም» ብላው ገባች።

ስብሰባው ገና ከመጀመሩ ጦፈ። የወንዝ ማዶ ተወካይ አዋላጅ ናቸው፤ የመንደራቸው ወጣት ሁሉ በእጃቸው የተወለደ ነው። «ክረምት በመጣ ቁጥር ምጥ የያዛትን ሴት ጀልባ ላይ አስተኝቼ ውሃውን ስለማመጥ ልኑር? ድልድዩ ካልቀደመ ሞቼ ነው የምፈርመው!» አሉ። የኮረብታው ተወካይ፣ የሚኒባስ ሹፌሩ፣ ከወንበሩ ተነሳ። «እኛስ? መኪና ስንገፋ ወገባችን ተቆረጠ እኮ!» ከንቲባው ጠረጴዛውን መታ። «የሁላችሁም መንገደኛ የሚወርደው እኔ ጋ ነው! መጠለያ እንኳ የለም፣ ዝናብ ላይ ነው የሚሰለፈው!»

ሦስቱም እውነታቸውን ነው፤ ሩጫን ያንገበገባትም ይኸው ነበር። ወንድሟ ሲጮህ እያየች ሳለ ልጅነታቸው ትዝ አላት። በዳቦ ሲጣሉ እናታቸው እሱን ያስቆርሱትና እሷን ቀድመሽ አንሺ ይሏት ነበር። ጋሼ ያን ጊዜ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ፍርፋሪ ሳያዛንፍ ነበር የሚቆርሰው።

«ክቡር ከንቲባ» አለች፣ «የዘንድሮውን ገንዘብ እርስዎ ሦስት ቦታ ያካፍሉ። አዋላጇ ቀድመው ይምረጡ፣ ከዚያ ሹፌሩ። የቀረው የእርስዎ ይሆናል።»

ከንቲባው አፈጠጠባት። ከዚያ ገባውና ከንፈሩ ላይ ፈገግታ መጣ፤ «አንቺ ልጅ!» አለ፤ ቢሮ መሆኑንም ረሳ። ኮቱን አውልቆ ሲያሰላ፣ ሲሰርዝ፣ ደግሞ ሲያሰላ ቆየ። ሲጨርስ ድርሻዎቹ መንታ ከመምሰል አልፈው አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር። ሁለቱ አገላብጠው አዩት፤ ማንም የሚነቅፈው አጣ።

አዋላጇ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ትክክል ነው፤ ግን በዚህ የሚሠራው ግማሽ ድልድይ ነው። በግማሹ ማን ይሻገራል? ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል።»

ሩጫ ይኸው አበቃልን ብላ ነበር። ወንድሟ ግን ወደ አዋላጇ ዞረ፤

«ከኔ ድርሻ ይጨመርልዎት። ለከርሞ ይመልሱልኛል።»

«ምን አሉ?»

«ሰምተውኛል። ለኔ ዘንድሮ የመናኸሪያው መጠለያና መጸዳጃ ይበቃኛል። ግን ይጻፍ!»

«ከኔም ይቀነስ» አለ ሹፌሩ፣ «አቀበቱ ብቻ ዘንድሮ ጠጠር ይልበስልኝ።» አዋላጇ ዘለው ከንቲባውን አንገቱን አንቀው ሳሙት። ሩጫ ዕቅዱን እየሳቀችም እያለቀሰችም ጻፈችው፤ ሦስቱም ፈረሙ።

ልትልከው ስትል ኔትወርክ የለም! የፈንዱ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው፣ ሊዘጋም ምንም አልቀረው። «ተነሱ!» አለ ሹፌሩ፤ አራቱም ሚኒባሱ ውስጥ ተጠቀጠቁ። ፌርማታ ላይ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ሰው በሩን እየያዘ «የት ነው?» ይላል፤ ከንቲባው እንደ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሞልቷል! ሞልቷል!» ይጮኻል። ሲደርሱ ዘበኛው በሩን እየገፋ ነበር። ሩጫ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወርዳ በክፍተቷ ሾለከች።

ከሳምንታት በኋላ «ጸድቋል» ተባለ። በጋውን ሙሉ ወንዙ ዳር ማሽን ሲያጓራ ከረመ፣ አቀበቱ ጠጠር ለበሰ፣ መናኸሪያውም ጣራ አገኘ። ድልድዩ ሰማዩ መጥቆር ሳይጀምር አለቀ።

የምረቃው ቀን ሪባን ተወጠረ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ከንቲባው መቀሱን በትሪ ላይ ይዞ ለአዋላጇ ሊያቀርብ ቆመ። ይሄኔ የአዋላጇ ስልክ ጮኸ። ማዶ አንዲት ሴት ምጥ ይዟታል። ሴትየዋ መቀስም ንግግርም አልጠበቁም፤ ቦርሳቸውን ነጥቀው፣ በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብለው አለፉና ድልድዩን በሩጫ ተያያዙት። ሕዝቡ እልል እያለ ተከተላቸው፤ ሪባኑን ማን እንደበጠሰው እንኳ አልታወቀም።

«ንግግሬስ?» አለ ከንቲባው ከነመቀሱ።

«ባክህ ተወው ጋሼ፣ ና!» ብላ እህቱ እጁን ጎተተችው።