አጥሩን የሚያየው አባት

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚሄደው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የጥበቃ ካፖርት ለብሷል። የአንገቱ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተተክሏል፤ ስፌቱ የወንድ እጅ ይመስላል። ጉልበቱ ላይ የኮሌጅ በራሪ ወረቀቶች የያዘ ፌስታል አስቀምጧል። በየወረቀቱ ጀርባ አጥር በእርሳስ ተስሎበታል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ኤክስ ተደርጎበታል።

«ለልጅ ነው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ለሴት ልጄ ነው፣ እናቴ። ሬጅስትራር ጋ አልገባም፤ የምጠይቀው የበሩን ጥበቃ ነው። እኔም ጥበቃ ስለሆንኩ አጥሩ የቱ ጋ እንደተቀደደ አይደብቀኝም።»

«ትምህርቱስ?»

«እሷ ጎበዝ ናት። ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበር፤ አትሄጂም አልኳት። ይኸው ሦስት ቀን አላናገረችኝም።»

ከፌስታሉ የአንድ ወጣት የተማሪ መታወቂያ ወደቀ። አንስቼ ስሰጠው በካፖርቱ እጅጌ ጠረገው።

«ወንድሟ ነው። ዶርም ድረስ ገብተው ነው የገደሉብኝ፣ በተቀደደ አጥር። እሱን በስልክ የምጠይቀው ስለ ትምህርቱ ብቻ ነበር።»

«ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደ።

በመስኮት በዓይኔ ተከተልኩት። ማዶ ወዳለው ኮሌጅ በር አልሄደም። በአጥሩ ጥግ ጥግ እየተራመደ፣ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ በእጁ ይገፋ ነበር።