የቢራቢሮው ሌላ ክንፍ

ባለሱቋ ኡሙሀኒ የመዋዕለ ሕፃናቱን መምህርት ስም ጠይቃ አታውቅም፤ የቀጨኔ ሰው ሁሉ «ሚስ» ነው የሚላት። ሚስ ዓርብ ዓርብ ከሱቁ ባዶ የሳሙና ካርቶን ትወስዳለች። ቢራቢሮ ትሥልበትና መሀል ለመሀል ትቆርጠዋለች፤ ሕፃናቱ ግራና ቀኙን እያመሳሰሉ ይገጣጥማሉ። ወሬዋ አያልቅም፤ ለምን በአንድ ጆሮዋ ብቻ ጉትቻ እንደምታደርግ ግን ተናግራ አታውቅም።

ዛሬ ሚስ ለካርቶን ስትመጣ፣ ተማሪዋ የሆነችው የኡሙሀኒ ልጅ ሀያም አፍጥጣ አየቻት።

«ሚስ፣ የጉትቻሽ ጓደኛ የታለ?»

«ሸጎሌ፣ እህቴ ጋ። የታረቅን ቀን ታዪዋለሽ» ብላ ሳቀች።

ሀያም ከቦርሳዋ ቢራቢሮዋን አውጥታ አንዱን ክንፍ ሰጠቻት።

«ይኼን ስጫት። ሌላው እኔ ጋ ነው፤ ይዛው ትምጣና እናገጣጥም።»

ሁልጊዜ ወደ ቤቷ ወደ ቁስቋም ሽቅብ የምትወጣው ሚስ፣ ካርቶኗን እዚያው ረስታ ወደ ሸጎሌ ታክሲ ወረደች።