ኔሪ ባሕሩን የተሻገረችበት ቀን

ኔሪ ባሕር ትፈራ ነበር። አባቷ የባሕር ቀንድ አውጣ ሊለቅም እንደገባ ማዕበል ሲወስደው በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ውሃው ጉልበቷን ካለፈ ሮጣ ትወጣለች። ያደገችው ግን እዚያው ዳርቻ ላይ፣ ባሕሩ የሚተፋውን እየለቀመች ነው።

ዝናቡ ዓመት ከዓመት ራቀ። ምንጮቹ መጀመሪያ ጨው ጨው አሉ፣ ኋላ ጭራሽ ደረቁ። ጠዋት አየሩ ሲጠራ ከማዶ ተራራ ይታያል። ባሏ ቦራ ከወንድሞቹ ጋር በግንድ ተሻግሮ ተመለሰና፣ "የሚጠጣ ውሃ አለ! ከዓለት ሥር ይፈልቃል" አለ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ግንድ በጠፍር እያሰረ ታንኳ መሥራት ያዘ።

የመሄጃቸው ጠዋት ኔሪ ሕፃኗን በአንቀልባ እንዳዘለች አሸዋው ላይ ተገትራ ቀረች።

"እኔ አልሄድም።"

"እዚህ ቀርተሽ ምን ልትጠጪ?" አለቻት አማቷ ሻሙ፣ ግንዱ ላይ ተደላድላ። "ነይ ባክሽ፤ ዓሣው እንደሆነ አይነካሽም። አጥንት ብቻ ነሽ!"

ቦራ ሳቀ። ታላቅ እህቷ ዋሌ ጀርባዋን ገፋ አደረገቻት። "ሂጂ፤ የኛ ታንኳ እንዳለቀ እንከተላችኋለን።" ኔሪ ዓይኗን ጨፍና ተሳፈረች።

መሃል ሲደርሱ ሞገዱ ወደ ደቡብ ይጎትታቸው ጀመር። ጠፍሩ ርሶ ላልቶ ነበርና ድንገት ተበጠሰ፤ የዳሩ ግንድ ሻሙን እንደያዘ ተገነጠለ። ቦራ መቅዘፊያውን ቢለቅ ሁሉም ማለቃቸው ነው።

"ኔሪ! ድረሽልኝ ልጄ!"

ኔሪ ደርቃ ቀረች። በእሷና በአሮጊቷ መካከል ያለው ውሃ ጠቁሯል፤ ከሥሩ አንድ ትልቅ ጥላ ሲያልፍ አየች። ሕፃኗን አውርዳ በባሏ እግሮች መካከል ሸጎጠችው። ከዚያ በሆዷ ተኝታ የአንቀልባውን አንድ ጫፍ ይዛ ሌላውን ወረወረች። አልደረሰም። እንደገና ስትወረውር እስከ ደረቷ ባሕሩ ውስጥ ገባች፤ ጮኸች፣ ሽንቷም አመለጣት። ሻሙ ጫፉን በእጇም በጥርሷም ያዘች።

ኔሪ ጎትታ ካወጣቻት በኋላ አሮጊቷ እየሳለች፣ "አጥንት ያልኩሽን ተይው" አለቻት።

ማዶ ውሃው እውነትም ነበረ። ዝምታው ግን ያስፈራል። የሰው ዱካ የለም፤ በምንጩ ጭቃ ላይ የማያውቁት አውሬ ጥፍር ታትሟል። ማንም ብቻውን እንጨት ሊለቅም አልሄደም። ኔሪ በየቀኑ ኮረብታው ላይ እርጥብ ቅጠል እያጨሰች እህቷን ጠበቀች። አንድ ጠዋት ባሕሩ የተበታተነ ታንኳ ተፋ። ቋጠሮውን አወቀችው፤ የዋሌ የእጅ ሥራ ነው። ሻሙ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ኔሪ እዚያው ሌሎች ልጆች ወለደች። ልጆቿ ሲዋኙ ዳር ቆማ "ውጡ! ውጡ እላለሁ!" እያለች ትጮኻለች፤ እነሱ ይስቁባታል። ካደጉ በኋላ ዳርቻውን ተከትለው ወደ ምሥራቅ ለመሄድ ተነሡ።

"ነይ እማ፣ ከዚያ ወዲያም አገር አለ።"

"ምን እንዳለበት ማን አየ?"

"ማንም።"

ኔሪ ጓዟን ተሸከመች።